ባትሪ የማይጠይቅ ካሜራ

የዛሬው ወጋችን ስለ ድሮ የፊልም ካሜራ ነው። አዘናም ሆነ እንጅባራና ዳንግላ፣ የአባት ወይም የአጎት ካሜራ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሎ የቀረበት ቤት አይጠፋም። ልጆች ያወርዱትና «ይሄ ነገር አሁንም ይሠራል እንዴ?» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ግን የትኛው ካሜራ እንደሆነና የት ተቀምጦ እንደኖረ ሳላይ አልምልም።

ዜኒት ኢ የሚባለውን ካሜራ እንውሰድ። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ከተማ ውስጥ እ.አ.አ. ከ1965 ጀምሮ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በደርግ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎቻችን ሶቪየት ኅብረት ይማሩ ስለነበር፣ ከሻንጣቸው ጋር እዚህ ቢደርስ አይገርምም። ከነሌንሱ ወደ አንድ ኪሎ ስለሚጠጋ አንገት ላይ ሲውል ማጅራት ይቆርጣል። ባትሪ የሚገባበት ቦታ ግን ጭራሽ የለውም። ማንሻውን በአውራ ጣት ስትስቡት ፊልሙ ያልፋል፣ ስፕሪንጉም ይወጠራል፤ ቁልፉን ስትጫኑ መስታወቱ ብድግ ይላል፣ የጨርቅ መጋረጃው ይከፈትና ይዘጋል፤ ቋ! አለቀ። የብርሃን መለኪያው እንኳ የሚሠራው ከፊቱ ባለው ሴሊኒየም፣ ከብርሃኑ ራሱ ኃይል እያገኘ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ስለሚደክም ግን እሱን አትመኑት።

የዜኒት ፍጥነት ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ብቻ ነው። ሰው ይህን ጉድለት ይለዋል፤ እኔ ደግሞ አንዱ የዕድሜው ምስጢር እዚሁ ነው ባይ ነኝ። ሌሎቹ ካሜራዎች ለአንድ ሰከንድና ለግማሽ ሰከንድ የሚያገለግሉ፣ የእጅ ሰዓት ውስጥ እንዳሉት ያሉ ጥቃቅን ጥርሶች አሏቸው፤ ዘይቱ ሲደርቅ ቀድመው የሚያዙት እነዚያ ናቸው። ዜኒት ስለሌለው አይያዝበትም። ደግሞስ 1/500 ለምን ያንሳል? ጥር 23 ቀን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ በዚያ ፀሐይ የሚጋልብ ፈረስ በዚህ ፍጥነት ይያዛል። ችግሩ ቀጣዩን ፊልም እስክትስቡ ሌላው ፈረሰኛ አልፎ መሄዱ ነው!

ምረጥ ብትሉኝ ግን የእኔ ምርጫ ኒኮን ኤፍ ኤም 2 ነው። እ.አ.አ. ከ1982 እስከ 2001 ተመርቷል፤ ባትሪ ሳይኖረው እስከ 1/4000 ሰከንድ ይሠራል። ፔንታክስ ኬ 1000ም ባትሪ የሚፈልገው ብርሃን ለመለካት ብቻ ነው። እ.አ.አ. በ1976 የወጣው ካኖን ኤ ኢ 1 ቆንጆ ነው፣ ግን ባትሪው ሲያልቅ መጋረጃው አይከፈትም። ከሱቅ ርቄ ስሄድ እሱን አልይዝም።

አሁን ወደ ጠላቱ ልምጣ። ካሜራን ከሥራ ይልቅ ቁጭ ማለት ይገድለዋል። በእኛ አገር ክረምት ደግሞ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ብዙዎቻችን ካሜራውን ከቆዳ ማኅደሩ ጋር እንቆልፍበታለን፤ ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ያቆየውና ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ሌንሱን ወደ መስኮት ይዛችሁ አሻግራችሁ ብታዩ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ቆይቶ መስታወቱን ራሱን ይበላዋል፤ ያኔ ጠራጊም አያድነው።

ያገለገለ ካሜራ ልትገዙ ከሆነ ፊልም እንደሌለው አረጋግጡና የጀርባውን ክዳን ክፈቱ። በክዳኑ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ስፖንጅ በጣት ንኩት፤ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ ብርሃን ያስገባል፣ መቀየር አለበት። ቀጥሎ 1/500 ላይ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን እያያችሁ ተጫኑት፤ ብልጭታው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ካልሆነ መጋረጃው ደክሟል ማለት ነው፤ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት።

ፊልሙ እንደተወደደብን አውቃለሁ፤ በየፎቶ ቤቱም ማጠብ ቀርቷል። በዚህ ላይ ዲጂታሉ ያሸንፋል፣ አልከራከርም። ኔጋቲቭ ግን የዋዛ ዕቃ አይደለም፤ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ ያነሷቸው ፎቶዎች የደርግን ዘመን አልፈው እ.አ.አ. በ2007 ለንደን ላይ ለዕይታ በቅተዋል።

ስለዚህ አድማጮች፣ ክረምቱ ሳይገባ ያን ካሜራ ከቆዳ ማኅደሩ አውጡት። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ከጎኑ አኑሩ፤ በወር አንድ ጊዜም ፊልም ባይኖረውም እየሳባችሁ ተጫኑት።