የአጋዘን መንጋና የሥፍራው ጠባይ



ከወረታና ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ ወደ ጣና ዳርቻ የሚዘረጋውን የፎገራን ሜዳ የምታውቁ ሁሉ ይህን ታስታውሳላችሁ። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ከብቱም ወዳልረጠበው ጉብታ ይሰበሰባል። በበጋ ደግሞ የዳገቱ ሣር ሲደርቅ መንጋው ሸሸርና ወለላ ወደሚባሉት ረግረጎች ይወርዳል። አንድ እንግዳ በዚያን ጊዜ ደርሶ በአንድ ሥፍራ ያየውን ቆጥሮ የአገሩን ከብት ልገምት ቢል ምንኛ በተሳሳተ!

የአጋዘንም ነገር እንዲሁ ነው። እርሱን ለማየት ግን ወደ ባሌ መሻገር ያስፈልጋል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ የሳይንስ ሊቃውንት ስም ያወጡለትም በ1910 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። (ቀንዱን በየዓመቱ ከሚጥለው ከአውሮፓው አጋዘን ጋር በስም ይገናኛል እንጂ በዘር አይገናኝም፤ የእኛው ቀንዱን አይጥልም።)

በዲንሾ አጠገብ፣ ሦስት ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የጋይሳይ ሜዳ አለ። አጋዘኑ ማለዳና ማታ ወደ ሣሩና ወደ ጭቁኙ ወጥቶ ይመገባል፤ ፀሐይ ስትበረታ ወይም የሌሊቱ ውርጭ ሲጠና ወደ ኮሶው፣ ወደ ጥዱና ወደ አምጃው ይገባል። ሜዳው ብቻውን መጠለያ አይሰጠውም፤ ጫካው ብቻውን አያጠግበውም። ስለዚህ የሚሰበሰበው ሁለቱ በሚገናኙበት ዳርቻ ነው። ብልህ አዳኝ ተራራ ለተራራ አይባክንም፤ ጎሕ ሳይቀድ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ በዚያው ዳርቻ ይጠብቃል።

ለአዳኝ የሚመቸው ይህ ጠባይ ለእንስሳው አደጋ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር፤ ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠበት ወራት ጥበቃው ሲላላ አጋዘኑ በብዛት ተገደለ። የት እንደሚገኝ ሁሉም ያውቅ ነበርና።

ሌላው ችግር ከዚህ ይልቅ ስውር ነው። እርሻ ሜዳውን ሲገፋ፣ ምሳር ጫካውን ሲያሳሳ፣ የቀረው አጋዘን በቀረችው ዳርቻ ይታጨቃል። ቁጥሩ እየቀነሰ ሳለ ለተመልካች የበዛ ይመስላል። የፎገራ ከብት እንኳ የእንግዳውን ስሕተት የሚያርምለት ባለቤት አለው፤ አጋዘኑ ግን በጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ካለው ቁጥር በቀር ጠበቃ የለውም። እንግዲህ የአደን ፈቃድ የምትመረምሩ ሹማምንት፣ ‹‹በአንድ ማለዳ ይህን ያህል አየሁ›› የሚል ማመልከቻ ቢቀርብላችሁ፣ በየትኛው ዳርቻ እንዳየ፣ ከዚያ ወዲያ ስንት ጋሻ ሣርና ጫካ እንደቀረ አስቀድማችሁ ጠይቁት።