ከፍቶ መግባት፦ ሲ ፕሮግራምና ሲምቦሊክ ሊንክ

ከውጫሌ እስከ ኮምቦልቻ በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የምትጽፉ ወጣቶች፣ የዛሬው ዝግጅት የእናንተ ነው።

በሊኑክስ ላይ በሙሉ ሥልጣን የሚሠራ አንድ ፕሮግራም ጊዜያዊ ፋይሎችን ያጸዳል እንበል። የአንድ ተጠቃሚን ፎልደር አገኘ። በ«ኤልስታት» አየው፤ እውነተኛ ፎልደር ነው። በ«ሲኤችዲር» ገባና ያገኘውን ሁሉ አጠፋ። አደጋው ያለው በማየትና በመግባት መካከል ነው። በዚያች ቅጽበት ተጠቃሚው ፎልደሩን አንስቶ በቦታው ወደ «ኢቲሲ» የሚያመለክት ሲምቦሊክ ሊንክ ቢያስቀምጥ፣ የሚጠፉት የሲስተሙ ፋይሎች ናቸው።

ይህ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። በጥንቃቄው የሚመሰገነው የፕሮግራም ቋንቋ ራስት እንኳ በፎልደር ማጥፊያው ላይ ይኸው ክፍተት ተገኝቶበት፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 በ1.58.1 ዕትም ተደፍኗል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፎልደሩን «ኦ ዳይሬክተሪ» እና «ኦ ኖፎሎው» ጨምራችሁ በ«ኦፕን» ክፈቱት። ሊንክ ከሆነ ጥሪው ስህተት ይመልሳል። ፎልደር ከሆነ የምታገኙት ቁጥር ያንኑ ፎልደር ብቻ ይይዛል፤ ስሙን ማንም ቢቀይረው ለውጥ የለውም። በዚያ ቁጥር በ«ኤፍሲኤችዲር» ግቡ።

ብዙዎች የሚስቱት ግን አለ፦ ኖፎሎው የሚጠብቀው የአድራሻውን የመጨረሻ ስም ብቻ ነው። መሀል ያሉትን አንድ በአንድ በ«ኦፕንአት» ክፈቱ። ከሊኑክስ 5.6 ወዲህ «ኦፕንአት2» «ሪዞልቭ ኖ ሲምሊንክስ» ሲጨመርበት በአንድ ጥሪ ይጨርሰዋል።

በሙሉ ሥልጣን የሚሠራ ኮድ ያላችሁ፣ «ሲኤችዲር» የተጻፈበትን መስመር ሁሉ ዛሬውኑ ፈትሹ።