የዓለሙ አጋ በገናና የድምፅ ቅጂዎቹ



በዐቢይ ጾም ሰሞን በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች መካከል የሚያልፍ ሰው ከአንዳንዱ መስኮት የበገና ድምፅ ይሰማል። ድምፁ በአብዛኛው ከሬዲዮ ወይም ከእጅ ስልክ የሚወጣ ነው። ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ በገና ሲደረደር የሰማ ሰው ጥቂት ነው። በቅጂ የለመደው ጆሮ በገናውን በአካል ሲያገኘው በሁለት ነገር ይገረማል፤ በመሣሪያው ትልቅነትና በድምፁ ዝግታ። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጠው ይህ ዕቃ ለአደባባይ አልተሠራም። የማኅሌት መሣሪያም አይደለም፤ በማኅሌት ያሉት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። በገና ለቤት፣ ለጸሎትና ለብቸኝነት የተሠራ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ለብቸኝነት የተሠራ መሣሪያ በአንድ ሰው እጅ እንዴት ወደ ሸክላና ወደ ዓለም መድረክ እንደ ደረሰ፣ በመካከሉም እንዴት ሊጠፋ ተቃርቦ እንደ ነበረ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓለሙ አጋ በ1950 በእንጦጦ ተወለዱ። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ታላቁ የበገና መምህር አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በሰፈራቸው መኖር ጀመሩ። ልጁ የአለቃን በገና እየተሸከመ ያደርስላቸው ነበር፤ ትምህርቱም ከዚያው ሸክም ተጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ዓመት ያህል ከመምህራቸው ተማሩ። በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ጂኦግራፊ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም። ይህም ሊያስደንቅ አይገባም፤ በዘልማድ በገና የመተዳደሪያ ሙያ አልነበረም። አዝማሪ በማሲንቆው ይኖራል፤ በገና ደርዳሪ ግን መኳንንትም ቢሆን መነኩሴም ቢሆን ሌላ መተዳደሪያ ነበረው።

በ1972 ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ዓለሙ አጋ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ማስተማር ጀመሩ፤ በዚያው ዓመትም ሲንትያ ኪምበርሊን የተባሉት አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ ለዩኔስኮ የሸክላ ስብስብ ድምፃቸውን ቀረጹ። ሸክላው የኢትዮጵያን ሦስት ባለ ክር መሣሪያዎች፣ ክራርን፣ ማሲንቆንና በገናን፣ ጎን ለጎን ያሰማል። ሦስቱን በአንድ ተቀምጦ ያዳመጠ ሰው በገና ከሁለቱ የሚለይበትን ወዲያው ያውቀዋል፤ የሚለየውም በዝዝታው ነው።

ስለዚህ ዝዝታ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እርሱ ነውና። አሥሩ አውታሮች የሚሠሩት ከበግ አንጀት ነው። እያንዳንዱ አውታር በበርኩማው ላይ ሲያርፍ ከሥሩ እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባበታል። አውታሩ ሲመታ እንዚራውን እየነካ ይርገበገባል፤ ያ ወፍራምና የሚያንዣብብ ድምፅም ከዚህ ይወለዳል። እንዚራው ከቦታው በጥቂቱ ቢሸሽ ድምፁ ይደርቃል፣ በጥቂቱ ቢገባ ይታፈናል። ቤልጅየማዊቷ ተመራማሪ ስቴፋኒ ቫይሰር ይህንኑ ዝዝታ ለብቻው አጥንተውታል። በጣት በሚደረደርበት ስልት አሥሩም አውታር አይመታም፤ የሚመቱት አምስት ወይም ስድስት ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። አሥሩን አውታር ከዐሠርቱ ትእዛዛት ጋር የሚያዛምዱ ሊቃውንት አሉ። ለደርዳሪው ግን ዝም የሚሉት አውታሮች እንደሚናገሩት ያህል ያስፈልጉታል።

በ1974 አብዮቱ መጣ። በደርግ ዘመን የበገና ድምፅ ከሬዲዮ ጠፋ፣ ትምህርቱም ተቋረጠ። ዓለሙ አጋ በ1980 ከያሬድ ትምህርት ቤት ወጥተው የግል ንግድ ያዙ። በንግግር ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለሙያው ግን የአንድ ትውልድ ክፍተት ነው። በገና በኖታ አይወረስም፤ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጣት በማየት ይማረዋል። መምህር ዐሥር ዓመት ካላስተማረ ዐሥር ዓመት የሚያህል ተማሪ አይኖርም፤ ያለፈውን ክፍተት በኋላ መሙላትም አይቻልም።

ከ1991 በኋላ መንፈሳዊ መዝሙር ወደ አደባባይ ተመለሰ፤ በገናም አብሮ ተመለሰ። በ1990ዎቹ መካከል ዓለሙ አጋ ዋናውን ቅጂያቸውን አወጡ፤ ይህም በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ 11ኛ ክፍል ሆኖ «የንጉሥ ዳዊት በገና» በሚል ርእስ ታትሟል። «አባታችን ሆይ» እና «ተው ስማኝ ሀገሬ» በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። በድምፃቸው ውስጥ የሚያስደንቀው ኃይል ሳይሆን ቁጥብነት ነው። ግጥሙን ከዜማ ይልቅ ለንግግር አቅርበው ለራሳቸው እንደሚያንጎራጉሩ ያህል ይሉታል፤ አድማጩ ሳይጠራ እንደ ገባ እንግዳ ሆኖ ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ በኤውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ተጫውተዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሩቅ ምሳሌ ይታወሳል። በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች ብሉግራስ የሚባለውን የባንጆና የፊድል ሙዚቃ ከመሠረቱት አንዱ ራልፍ ስታንሊ በ1927 ተወለዱ። ብዙ ሰው ያወቃቸው ግን በ2000 በወጣ አንድ ፊልም ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ ሞትን ሲማጸኑ በዘፈኑት ዜማ ነው፤ በ2002 የግራሚ ሽልማት ያገኙበትም ይኸው ነው። የሞትን ነገር በእርጅና ድምፅ መስማት ለሰው ሁሉ የቀረበ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ስታንሊ ሙያቸውን ለአንድ ዓመት እንኳ እንዲያቆሙ ያስገደዳቸው መንግሥት አለመኖሩ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በግል ማሠልጠኛዎች በገና የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ ሴቶችም በብዛት ይገኙባቸዋል፤ ይህ በአለቃ ተሰማ ዘመን ያልተለመደ ነበር። ብዙዎቹ ከትምህርቱ በፊት የዓለሙ አጋን ቅጂ ያውቁታል፤ ግጥሙንና ዜማውን በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ። ከመምህሩ ፊት ሲቀመጡ ግን የመጀመሪያው ሥራ ዜማ አይደለም። መምህሩ አውታሩን በአንድ ጣት ቀና ያደርጋል፣ ቆዳውን ከሥሩ ይገፋል፣ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ይገፋል። ተማሪው ዝም ብሎ ያያል። አሥሩ እንዚራ እስኪስተካከል ድረስ የመጀመሪያው ሰዓት ያልቃል።