ስለ ጥይቶች መወደድና መረሳት፦ የ6.5 ሚሊሜትር ታሪክ



የመሣሪያን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ዘወትር ዐይናቸውን የሚያሳርፉት በነገሥታትና በሠራዊት፣ በድልና በሽንፈት ላይ በመሆኑ፣ በሰላም ዘመን ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ዱር የሚወጣው አዳኝና በሜዳ ተጋድሞ ዒላማ የሚመታው ተወዳዳሪ ዛሬ ያመሰገኑትን ጥይት ነገ ስለ ምን እንደሚተዉት፣ የተዉትንም ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ምን እንደ አዲስ እንደሚያነሡት የሚመረምር ጥቂት ነው። እኔ ግን ይህ ነገር ትኩረት ይገባዋል እላለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ጥይት ሲሠለጥን ወይም ሲረሳ፣ ፍርዱ የሚሰጠው በጥይቱ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን ይበልጡን ጥይቱ በሚተኰስበት ጠመንጃ አሠራር እንደ ሆነ የ6.5 ሚሊሜትር ጥይት ታሪክ በግልጥ ያስረዳልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ በጥቁር ባሩድ የሚተኰስ አረር ፍጥነቱ አነስተኛ በመሆኑ፣ ኃይል እንዲኖረው የግድ ወፍራምና ከባድ መሆን ነበረበት። በአገራችን ውጅግራ እየተባለ የታወቀው፣ በ1874 የተሠራው የፈረንሳይ የግራ ጠመንጃ፣ 11 ሚሊሜትር ውፍረትና 25 ግራም ክብደት ያለው የእርሳስ አረር ይተኵስ ነበር፤ ጥይቱም በኢትዮጵያ ገበያ ከብር በታች እንደ ዝርዝር ገንዘብ እስከ መቈጠር ደርሶ ነበር። ይህ ሥርዐት የተሻረው ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ባስገኘ ጊዜ ነው። ፈረንሳዮች ከሁለት ዓመት በኋላ 8 ሚሊሜትር በሆነው የለቤል ጠመንጃ ሲጠቀሙበት፣ የአውሮጳ ሠራዊት ሁሉ ቀጭንና ፈጣን አረር ፍለጋ ተሽቀዳደመ።

በዚህ ሽቅድድም ስዊድንና ኖርዌይ ገና በአንድ ንጉሥ ሥር ሳሉ በ1891 የጋራ ጉባኤ አቁመው ከመረመሩ በኋላ፣ ቀለሃው 55 ሚሊሜትር ርዝመት ያለውን የ6.5 ሚሊሜትር ጥይት በ1894 ለሠራዊታቸው ተቀበሉ። አረሩ 10.1 ግራም የሚመዝን፣ ለውፍረቱ እጅግ ረጅም የሆነ ነበር። ረጅም አረር በአየር ላይ ሳይገለበጥ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ደግሞ በብርቱ መሾር አለበት፤ እንዝርት በፍጥነት ስትሾር ቀጥ ብላ እንደምትቆምና ሽረቷ ሲደክም እንደምትወላገድ ማለት ነው። ይህን ሽረት የሚሰጠው በጠመንጃው ብረት ውስጥ የተቀረጸው የጥምዝ ቦይ ነውና፣ የስዊድን መሐንዲሶች አረሩ በየ20 ሴንቲሜትሩ አንድ ሙሉ ዙር እንዲዞር አድርገው ቀረጹት። ይህን ቍጥር ልብ እንድትሉልኝ አደራ እላለሁ። ያ ጥይት ከሠራዊቱ ወደ ገበሬውና ወደ ባላገሩ ወርዶ፣ ሙስ የሚባለውን ታላቁን የሰሜን አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ በስካንዲናቪያም ተረስቶ አያውቅም።

በአፍሪካም ቢሆን ቀጭኑ አረር ምስክር አጥቶ አልነበረም። ካራሞጆ ቤል በሚል ስም የታወቀው ስኮትላንዳዊው የዝሆን አዳኝ፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ እስከ ጌሎ ወንዝ ድረስ ዘልቆ ያደነው እርሱ፣ በዘመኑ ከገደላቸው ከ1,000 የሚበልጡ ዝሆኖች አብዛኞቹን የጣለው 7 ሚሊሜትር በሆነው የመውዜር ጥይት ሲሆን፣ 6.5 ሚሊሜትሩንም የማንሊኸር ጠመንጃ ተሸክሞ አድኖበታል። የዝሆንን ራስ ቅል በመጋዝ አስከፍቶ አንጎሉ የት እንዳለ ያጠና ሰው ስለ ነበር፣ የጐደለውን ክብደት በዕውቀት ሞላው። የእነዚያ ሁሉ ዝሆኖች እልቂት ለእኔ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ነገር ግን ለአንድ አውሬ ሞት የአረሩ ማረፊያ ከአረሩ ውፍረት እንደሚበልጥ የቤል ሥራ ማንም ሊክደው የማይችል ማስረጃ ሆኗል።

በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ሠራዊቱ በ1906 የተቀበለው 30-06 ስፕሪንግፊልድ የተባለው ጥይት 7.62 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲወጡ ከያዟቸው ጠመንጃዎች አንዱ ስፕሪንግፊልድ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተመለሰው ወታደር በሠራዊት ያልለመደውን ጥይት በአደን ይፈልግ ዘንድ አልፈቀደም። ስለዚህ በ1925 ዊንቸስተር የ30-06ን ቀለሃ አንገት አጥብቦ .270 የሚባለውን ጥይት ሲያወጣ፣ ምንም እንኳ አረሩ በሰከንድ ወደ 950 ሜትር የሚገሠግሥ ድንቅ ሥራ ቢሆን፣ በሰው ልብ የገባው ቀስ በቀስ ነው። ጃክ ኦኮነር የተባለው ጸሓፊ አውትዶር ላይፍ በተባለው መጽሔት ለብዙ ዓመታት ባያመሰግነው ኖሮ ዛሬ ያለውን ክብር ያገኝ ነበር ብዬ አላምንም። ብዕር ለጥይት ጠበቃ ሊሆን እንደሚችል የተረጋገጠው በዚህ ሰው ነው።

የጠመንጃው አሠራር ከጥይቱ ባሕርይ እንደሚበልጥ ግን የሚያስረዳን የ1955 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ታላላቅ ፋብሪካዎች፣ ዊንቸስተርና ሬሚንግተን፣ አንዱ .243 ሌላው .244 የተባሉ፣ ሁለቱም በእውነት 6 ሚሊሜትር የሆኑ ጥይቶች አወጡ። የሬሚንግተኑ ቀለሃ ሰፋ ያለ ስለ ነበር ባሩዱ ይበልጥ ነበር፤ በወረቀት ላይ ቢመዘን እርሱ ያሸንፍ ነበር። ነገር ግን የሬሚንግተን ሰዎች ገዢው ጥይቱን የሚፈልገው ለትናንሽ አራዊት ነው ብለው ገምተው፣ ብረቱን ለቀላል አረር በሚስማማ ላላ ጥምዝ፣ በየ30 ሴንቲሜትሩ አንድ ዙር እንዲያዞር አድርገው ቀረጹት፤ ዊንቸስተር ግን በየ25 ሴንቲሜትሩ አዞረው። ገበሬው አንዱን ጠመንጃ ይዞ በበጋ ሰብሉን የሚያጠፋውን አውሬ፣ በመከርም አጋዘኑን ሊያድንበት ነበር የፈለገው፤ ለአጋዘን የሚሆነውን 6.5 ግራም የሚመዝነውን አረር ደግሞ ላላው ጥምዝ በሚገባ አያጸናውም ተባለ። ሬሚንግተን በ1963 ጥምዙን አጥብቆ የጥይቱንም ስም ለውጦ ቢያወጣው፣ ገበያው ተወስዶበት ቈየው። አምስት ሴንቲሜትር የምታህል የጥምዝ ልዩነት የተሻለውን ጥይት ቀበረችው።

6.5 ሚሊሜትሩም በአሜሪካ የደረሰበት መከራ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1958 ዊንቸስተር ያወጣው .264 ማግነም ባሩዱ እጅግ በመብዛቱ ብረቱን ቶሎ ይበላዋል ተብሎ ሲታማ፣ ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው የሬሚንግተን 7 ሚሊሜትር ማግነም ወዳጆቹን ነጠቀው። በ1966 ሬሚንግተን ያወጣውን 6.5 ማግነም ደግሞ ብረቱ 47 ሴንቲሜትር ብቻ በሆነ አጭር ጠመንጃ ስለ ሸጠው፣ ባሩዱ የሚገባውን ፍጥነት ሳይሰጥ በከንቱ ይቃጠል ነበር። በ1997 የወጣው .260 ሬሚንግተን እንኳ፣ በዒላማ ተኳሾች ዘንድ የተመሰገነ መልካም ጥይት ሳለ፣ ቀለሃው በመርዘሙ ረጃጅሞቹ አረሮች በአጭሩ ካዝና በደንብ አልገቡለትም። እንግዲህ አሜሪካውያን 6.5 ሚሊሜትር ለእኛ አይሆንም ሲሉ የፈረዱት፣ ስዊድኖች በሠሩት አኳኋን ተሠርቶ ሳያዩት ነው።

ይህን ፍርድ በኋላ የሻረው ጥይት የተጠራበት ክሪድሙር የሚለው ስም የተገኘው በኒው ዮርክ፣ በሎንግ አይላንድ ላይ በ1873 ከተከፈተው የተኩስ ሜዳ ነው። በሴፕቴምበር 26 ቀን 1874 የአየርላንድና የአሜሪካ ስድስት ስድስት ተኳሾች በ800፣ በ900ና በ1,000 ያርድ ርቀት በዚያ ተወዳደሩ። አየርላንዶች በአፈሙዙ በኩል የሚጐረስ የሪግቢ ጠመንጃ ሲይዙ፣ አሜሪካውያን ከኋላ የሚጐርሱትን የሬሚንግተንና የሻርፕስ ጠመንጃዎች ይዘው ነበር። ከአየርላንዶች አንዱ በሌላ ሰው ዒላማ እምብርት ላይ መትቶ አራቱን ነጥብ አጣ። በመጨረሻም የአሜሪካው ኮሎኔል ቦዲን በተሰበረ ጠርሙስ የተቈረጠ፣ ደም የሚፈስበት እጁን ይዞ ተጋድሞ የመጨረሻውን ጥይት በዒላማው እምብርት አኖረ፤ ፍርዱም 934 ለ931 ሆነ።

በ2007 በነብራስካ የሚገኘው የሆርናዲ ፋብሪካ ያወጣው 6.5 ክሪድሙር የዚህን ሜዳ ስም የያዘ ነው። ሐሳቡ የተፀነሰው በኦሃዮ ባለው በካምፕ ፔሪ የውድድር ሜዳ፣ የፋብሪካው ሊቅ ዴቭ ኤመሪ ከታወቀው ተኳሽ ከዴኒስ ደሚል ጋር ሲነጋገር ነበር። ተኳሾች ሁሉ ጥይታቸውን በእጃቸው በቤታቸው ስለሚሞሉ፣ አዲስ ሰው ይህን ጥበብ ሳያውቅ ሊወዳደር አይችልም ነበርና፣ ከሱቅ ተገዝቶ ያለ ሃፍረት ለውድድር የሚቀርብ ጥይት ይሠራ ተባለ። ቀለሃውን ወደ 48.8 ሚሊሜትር አሳጠሩት፤ ረጅሙ አረርም በአጭር ካዝና ውስጥ ቦታ አገኘ። በሣጥኑም ላይ የአሞላሉን ዝርዝር በግልጥ ጻፉበት፤ የፋብሪካን ምስጢር ለገዢ መግለጥ ትልቅ ቅንነት ነው፣ በዚያም ቅንነት ብዙ ወዳጅ አፈሩ ብዬ አስባለሁ። ጥምዙስ? በየ20 ሴንቲሜትሩ አንድ ዙር ሆነ። ስዊድን በ1894 የደረሰችበት ስፍራ አሜሪካ የደረሰችው ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ ጥይት 9 ግራም የሚመዝነውን አረር በሰከንድ ወደ 820 ሜትር ቢያስወነጭፍ፣ በመነሻው ከ30-06 አይበልጥም። ነገር ግን ቀጭኑ አረር አየሩን በቀላሉ ስለሚሰነጥቅ ፍጥነቱን ይዞ ሩቅ ይደርሳል፤ ለትከሻም ርግጫው ቀላል ነው። አዳኞችም እየተከተሉት ሄዱ። በዚህ ነገር ግን አንድ ሥጋት አለኝ፦ ጥይቱ ሩቅ ይመታል የሚለው ዝና፣ ለመጠጋት የሚሰንፍ ሰው በማይችለው ርቀት እንዲተኵስና አውሬውን አቍስሎ እንዲተወው ሊያደፋፍረው ይችላልና፣ አዳኝ ነኝ የሚል ሁሉ በዒላማ ሜዳ ፈትኖ ያላረጋገጠውን ርቀት በሕይወት ባለ ፍጥረት ላይ መሞከር አይገባውም።

በ2018 የአሜሪካ የልዩ ዘመቻ ኃይሎች ዕዝ ለአነጣጣሪ ተኳሾቹ ይህንኑ ጥይት መረጠ። ቀድሞ ሠራዊቱ ለአዳኙ ያወርስ የነበረውን ያህል፣ አሁን የውድድር ሜዳው ለሠራዊቱ ሰጠ ማለት ነው። ተወዳዳሪዎቹ ግን በዚያ አልቈዩም። የብረት ዒላማ መመታቱን እንጂ ኃይሉን ስለማይጠይቅ፣ አረራቸው የወደቀበትንም ስፍራ በመነጽራቸው ሳይናወጡ ለማየት ስለሚሹ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ርግጫው ከ6.5 ወደሚያንስ ወደ 6 ሚሊሜትር ተሻገሩ፤ አዳኞቹ ክብደቱን ይፈልጉታልና በ6.5 ጸንተው ቀርተዋል። 6 ሚሊሜትርም ሬሚንግተን በ1955 አውጥቶ ገበያ ያጣበት ያው ውፍረት ነው፤ ዛሬ ግን የጥምዝ ቦዩ የሚቀረጸው በየ20 ሴንቲሜትሩ ገደማ አንድ ዙር እንዲያዞር ተደርጎ ነው።