ስለ ቤት ኮምፒውተርና ስለ ዋይፋይ አያያዝ ለአባላት የተደረገ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ከተነሡት ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ኮምፒውተር ነበሩ። እኛ የኮምፒውተር ባለሙያዎች አይደለንም። ነገር ግን የማኅበሩ መዝገብ በእጃችን ስለሆነ ጠይቀን የተረዳነውን እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ ስለ ሐርድ ዲስክ። የጻፋችሁት ጽሑፍም ሆነ ያስቀመጣችሁት ፎቶ ያለው እዚያ ነው። በውስጡ እንደ መስታወት የለሰለሱ ክብ ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የሚያነበው ትንሽ ክንድ ሳህኑን ሳይነካ በላዩ ይንሳፈፋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከጠጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። መብራት ሄድ መለስ ማለቱም ይጎዳዋል። በአዲሶቹ ላፕቶፖች ያለው ኤስኤስዲ የሚባለው ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ መውደቁን ይችላል፤ ሲሞት ግን ድምፅ እንኳ ላያሰማ ይችላል።

አንዲት የሰፈራችን እናት የሟች ባለቤታቸው ፎቶ ሁሉ፣ ጥር 23 በፈረስ በዓል ላይ የተነሡት ሳይቀር፣ በአንድ ዲስክ ብቻ ነበር። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ልጆቹ ደጋግመው እያጠፉ አበሩት። በኋላም ጠጋኝ ነኝ ያለ ሰው ክዳኑን ፈታው፤ አቧራ ገባበት፤ ፎቶውም በዚያው ቀረ። ስለሆነም እንዲህ ያለ ድምፅ ስትሰሙ አጥፉት፣ ለሚያውቅ ሰውም አሳዩት። ድምፅ ሳይኖረው መዘግየት ብቻ ከጀመረ፣ ጥገናው ይቆይና መጀመሪያ በጣም የምትፈልጉትን ወደ ሌላ ገልብጡ። ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ቢጠይቃችሁ እሺ አትበሉት።

የማኅበራችን የመዋጮ መዝገብ በኮምፒውተሩ፣ በገንዘብ ያዡ ቤት ባለው ፍላሽ፣ ደግሞም በወረቀት ይገኛል። ወረቀቱን ኋላ ቀር የሚሉ ወጣቶች አሉ። ይበሉ፤ ወረቀት ቫይረስ አይዘውም።

ቫይረስ ካልን፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ውስጡ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ቢታይ ደንግጣችሁ አታጥፉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ተደብቆ እዚያው አለ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በማያንሱ አገሮች የሰው ፋይል እየቆለፈ 300 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ማይክሮሶፍት ማደሻውን ሁለት ወር ቀደም ብሎ አውጥቶ ነበርና በዋናነት የተጠቁት ያላደሱት ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ያላችሁ ሰዎች ወደ 11 ይሻገር እንደሆነ አስመርምሩ።

ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ የዋይፋዩን ሳጥን ለግማሽ ደቂቃ ነቅሎ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በጀርባው ባለችው ቀዳዳ መርፌ አታስገቡ፤ ቴሌ የሞላውን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። የፋይበር መስመር ያላችሁ፣ ቀይ መብራት ከበራ የተበጠሰው መስመሩ ሊሆን ስለሚችል 994 ደውሉ። ክረምት የሰፈራችን መብረቅ የታወቀ ነው፤ ሲያጉረመርም ንቀሉ። ከሳጥኑ ሥር የተለጠፈውን የይለፍ ቃል ደግሞ ለውጡት፤ እንግዳ ሁሉ በስልኩ ፎቶ አንሥቶታል።

የመጨረሻው ስለ ገንዘብ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ የከሰሉም የድንቹም ሽያጭ በስልክ ይገባል። ሌባም ይህን ያውቃል። «በስሕተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ሲደውል መልእክቱን ሳይሆን ሒሳባችሁን ተመልከቱ፤ የቴሌብር መልእክት ከ127 እንጂ ከግለሰብ ቁጥር አይመጣም። የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ ስልኩን ዝጉበት። ለልጅ ልጃችሁ የነገራችሁ አረጋውያንም ዛሬውኑ ቀይሩት።

ፎቶም ሆነ ሰነድ ማስገልበጥ የምትፈልጉ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ኑ። ክፍያ የለውም፤ መብራት ከሌለ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሆናል።