የአያቶቻችን ጠመንጃ ታሪኩ ይመዝገብ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በዓለም ላይ የድሮ የጦር መሣሪያ የሚሰበስቡ ብዙ ሰዎች አሉ። ጃፓናዊው መኰንን ኪጂሮ ናምቡ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ያወጣው ሽጉጥ በእነርሱ ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ነው። ሰብሳቢዎቹ አስቀድመው የሚያዩት በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥርና ምልክት ነው። የት ተሠራ? በማን እጅ አለፈ? ብለው ይጠይቃሉ።

እኛ በሰው አገር የምንኖር ሰዎች ጠመንጃ አንሰበስብም። ስሙንና ታሪኩን መሰብሰብ ግን ማንም አይከለክለንም። ሰናድር ከእንግሊዞች «ስናይደር»፣ ውጅግራ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት፣ በልጅግ ከቤልጅግ አገር ስም የመጡ ናቸው። አባቶቻችን የባዕዱን ቃል አለዝበው በፉከራና በቀረርቶ የራሳቸው አደረጉት። ጀሪፍ ያደጉ ልጆቻችን ዓረብኛውን አጥርተው ይናገራሉ፤ «ውጅግራ» ሲባሉ ግን ይስቃሉ።

የሬሚንግተንን ታሪክ ብቻ እንይ። ጠመንጃው የአሜሪካ ሥሪት ሲሆን ግብፅ ለጦሯ ገዛችው። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር በጉንደትና በጉራዕ ሲሸነፍ ብዙ ሬሚንግተን በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። በ1876 ዓ.ም. ደግሞ የማህዲ ተከታዮች በሸይካን የሂክስን ጦር ደምስሰው ያንኑ ዓይነት ጠመንጃ ማረኩ። በ1881 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች መተማ ላይ ሲገናኙ ሬሚንግተን በዚህም በዚያም ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱም እዚያው ቆስለው ዐረፉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን፣ በ1932 ዓ.ም.፣ ካርቱም ስደተኛውን ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ተቀበለች፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ። ከሱዳን ጎረቤቶቻችን ጋር ያለን ታሪክ ደምም እንጀራም ያለበት ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ፤ ብዙዎቻችንም ከጀሪፍ ተበትነን አልበማችንንና ወረቀታችንን ጥለን ወጣን። በር ተዘግቶበት የተቀመጠ ዕቃ እንዲህ ከጠፋ፣ በሽማግሌ አፍ ብቻ ያለ ታሪክማ እንዴት ይቆያል?

ስለዚህ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ደብተር ይክፈት። አያት ወይም አጎት ይጠየቁ፤ ጠመንጃው ምን ይባል ነበር? ከማን ተወረሰ? በየትኛው ዘመቻ ዋለ? ዛሬ የት አለ? የድሮ ፎቶግራፍ ካለ ከጀርባው የሰዎቹ ስም ይጻፍበት። አገር ቤት በሕጋዊ ፈቃድ የአያቱን ጠመንጃ የያዘ ዘመድ ካለ ብረቱን በአሸዋ እንዳያሽ፣ ሰደፉንም እንዳይለውጥ ንገሩት፤ ቁጥሩ ከተፋቀ ታሪኩም አብሮ ይፋቃል።

የተሰበሰበውን ማኅበራችን በአንድ መዝገብ ቢያኖረው፣ ልጆቻችን ማን እንደሆኑ ሲጠየቁ የሚገልጡት ገጽ ይኖራቸዋል።

 እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይጠብቅልን፤ ለሱዳንም ሰላሟን ይመልስላት።