ፊደል እሺ ስለማይላቸው አባሎቻችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ማንበብ ነው። «ማንበብ የትምህርት ቤት ነገር ነው፤ ለዕድር ምኑ ነው?» የምትሉ አትጠፉም። ዳሩ ግን ዕድራችን ከአባላት መዝገቡ ጀምሮ እስከ መዋጮ ደረሰኙ፣ ከቤተሰብ ቅጹ እስከ ቅጣት ማስታወቂያው ድረስ በወረቀት የሚተዳደር ነውና፣ ወረቀት የሚያስጨንቀው ሰው በመካከላችን እንዴት እንደሚኖር መነጋገሩ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በአንድ ሌላ ሰፈር ዕድር የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ አናጺ አባል ነበሩ። የበሩንም የመስኮቱንም ልክ በቃላቸው ይዘው ሄደው ቆርጠው የሚመጡ፣ አንድ ጣት እንኳ የማይስቱ ሰው ናቸው። ዕድሩ «የቤተሰብ ዝርዝር በአዲስ ቅጽ ይሞላ» ብሎ ወረቀት ሲያድል ተቀብለው ቤታቸው ወሰዱት፤ እዚያው ቀረ። ማሳሰቢያ ሁለት ጊዜ ተለጠፈ፤ እሱም ያው ወረቀት ነው። ከዓመት በኋላ አማታቸው ሲያርፉ መዝገቡ ቢገለጥ ስማቸው የለም። ድንኳኑ ተተከለ፣ ገንዘቡ ግን ቀረ። ደንብ ደንብ ነው ተባለ። ሰውየውም በጉባኤ ፊት ተነሥተው «ቸል ብዬ ነው» አሉ እንጂ «መሙላት አቅቶኝ ነው» አላሉም። ቸልተኛ መባሉ ቀሏቸው ነዋ!

እኚህ ሰው ደግሞ ያልተማሩ አይደሉም። በልጅነታቸው ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ከጎረቤት ጋራ ተቀምጠው እንደገና ፊደል ቆጥረዋል። አብረዋቸው የጀመሩት ጋዜጣ ሲያነቡ እሳቸው ስማቸውን ከመጻፍ አላለፉም። ቤተሰቡም ሰፈሩም «ለትምህርት አልተፈጠረም» ብሎ ዘጋው።

ለዚህ ነገር ሐኪሞች ስም ካወጡለት ቆይቷል። ዲስሌክሲያ ይሉታል። ቃሉን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1887 ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው። በ1896 ደግሞ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ አእምሮው ንቁ፣ ሒሳብም የሚሆንለት ሲሆን ንባብ ግን ፈጽሞ እምቢ ብሎታል። አስተማሪው ስለ እሱ የመሰከረው ነገር እኛን በጣም ይነካናል፤ ይኸውም ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ አንደኛ ይሆን ነበር ማለቱ ነው። በቃል!

መጀመሪያ ላይ ሐኪሞቹ ነገሩን ከማየት ጋራ አያይዘው «የቃል ዕውርነት» ብለውት ነበር። በኋላ እንደታወቀው ግን ዋናው ችግር ዓይን ላይ ሳይሆን አእምሮ የንግግርን ድምፅ ከፊደል ጋራ በሚያገናኝበት መንገድ ላይ ነው። ከስንፍናም ከሞኝነትም አይገናኝም። ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። በትዕግሥት በሚያስተምር ሰው ይሻሻላል እንጂ ሰው ስላደገ ብቻ አይለቅም። ድኻና ሀብታምም አይለይም፤ በ1973 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዙፋን የያዙት የስዊድን ንጉሥ ካርል 16ኛ ጉስታፍ ይኸው ችግር እንዳለባቸው በይፋ የታወቀ ነው።

የእኛም ፊደል ቢሆን ቀላል አይምሰላችሁ። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። 33 ጊዜ 7፣ 231 መልክ ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር። «ደ»ና «ጀ»፣ «ተ»ና «ቸ»፣ «ነ»ና «ኘ» የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች ጭረት ነው። «ቡ»ና «ቢ» አንዲት ቅጥያ ከፍና ዝቅ ስትል ነው። «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን ጊዜው አለመድረሱ፣ ይጠብቅ ይላላ፣ ፊደሉ አይነግረንም፤ ከአረፍተ ነገሩ መገመት አለብን። እያንዳንዷን ፊደል ታግሎ የሚያልፍ ሰው መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ መነሻው ይጠፋበታል፤ ታዲያ በምኑ ይገምት?

እንዲህ ያለ ጎልማሳ መደበቂያ አያጣም። «መነጽሬን ረስቼ ነው»፣ «እጄ ቆሽሿል፣ አንተ አንብበው» ይላል። በእርግጥ መነጽሩን የረሳም አለ፤ የመማር ዕድል ከነጭራሹ ያላገኘም አለ። ማን ምን እንደሆነ መርምሮ መለየት የባለሙያ ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም። ለዕድር የሚበጀው ማንንም ሳይመረምር ለሁሉም በሚሆን መንገድ መሥራት ነው።

ቀድሞ እንደዚያ ነበር እኮ! ጥሩምባ ነፊው በንጋት ወጥቶ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ያነበበም ያላነበበም እኩል ይሰማል። ዛሬ መርዶው በስልክ ጽሑፍ ይመጣል። ፍጥነቱ መልካም ነው፣ አንክድም። ነገር ግን መልእክቱን ስልኩ ውስጥ ይዞ ሳያውቀው የሚውል፣ በማግሥቱም «ከቀብር ቀርተሃል፣ ትቀጣለህ» የሚባል አባል አለ።

«ይህን ከፈቀድን ቅጣት የሚሸሽ ሁሉ ማንበብ አልችልም ይላል» የሚል ክርክር ቀርቦልናል። እኛ እስከ ዛሬ ያየነው ግን ሳይችል እችላለሁ የሚለውን ነው፤ በሰው ፊት አልችልም ማለት ቀላል ነው እንዴ?

በመሆኑም መርዶና የስብሰባ ጥሪ በጽሑፍ ሲላክ በዚያው ስልክ በድምፅም ተቀርጾ እንዲላክ፣ የቤተሰብ ቅጹንም ጸሐፊው አባሉን ለብቻው ቁጭ አድርጎ እየጠየቀ እንዲሞላና መልሶ አንብቦለት እንዲያስፈርም እንጠይቃለን። ቅጣት ከመጻፉ በፊትም ለአባሉ በቃል የተነገረው መሆኑ ይረጋገጥ። ስልክ ለሌላቸው አባላት ደግሞ ጥሩምባ ነፊው ሥራውን እንዲቀጥል ያስፈልጋል፤ የድካም ዋጋው በወር ስንት እንደሚሆን ገንዘብ ያዡ አስልተው ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቅርቡልን።